ጥብቁና ልሉ ሽጉጥ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ብዙም ሳይርቅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አረጋውያን ወገኖቻችን የሚሰባሰቡበት አንድ ቡና ቤት ነበር። በዚያ ቤት የማይነሣ ጉዳይ አልነበረም፤ የዘውዱ መውደቅ፣ የምርጫ ነገር፣ የቤተ ክርስቲያን መከፈል፣ የልጆች አማርኛ አለማወቅ። ከሁሉ ይልቅ በእኔ አእምሮ ተቀርጾ የቀረው ግን ማንም ያልጠበቀው አንድ ክርክር ነው፤ ሽጉጥ ጥብቅ ተደርጎ ቢሠራ ይሻላል ወይስ ላላ ተደርጎ?

ተከራካሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ የዘመቱ የክቡር ዘበኛ ወታደር ናቸው። የመትረየስ ምድብተኛ ስለነበሩ እንደ መኮንኖቹ ሁሉ አሜሪካ ሠራሽ ሽጉጥ ይታጠቁ ነበር። ሁለተኛው በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል፣ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቨርጂኒያ እየተሻገረ ኢላማ ተኩስ የሚወዳደር መሐንዲስ ነው። መሐንዲሱ በአንድ ባለሙያ እጅ ክፍል በክፍል ተሞርዶ የተገጣጠመ ሽጉጥ መግዛቱን፣ ሲነቀነቅም ቅንጣት ድምፅ እንደማያሰማ በኩራት ተናገረ። ሽማግሌው ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ የእኛ ሲነቀነቅ እንደ ጸናጽል ይንኳኳ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልነከሰብኝም። ድምፅ የሌለው ሽጉጥ ለግድግዳ ነው» አሉት። እርሱም፣ «ጋሼ፣ የሚንኳኳ ሽጉጥ የት እንደሚመታ በምን ይታወቃል?» ሲል መለሰላቸው።

ቤቱ ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። በ1944 ዓ.ም. የኮሪያ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በአንዱ ሌሊት፣ ከእርሳቸው ጥቂት እርምጃ ርቆ ዘብ ይጠብቅ የነበረ ጓደኛቸው አጭር ጠመንጃው አልተኩስ ብሎት እንደሞተ ነገሩን። «አዲስ ነበር፤ ጥብቅ ያለ ነበር» አሉ። «ጥብቅ ብረት ሰው እንደሚገድል ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።»

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን ክርክር የተወለደ ነው። ሽማግሌው የተናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ይሁንና ያዩት ነገር እውነት መሆኑ አንድ ጉዳይ ነው፤ ያዩት ነገር የሆነበት ምክንያት እርሳቸው ያሉት መሆኑ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ድካሙ ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

አስቀድሞ ጥብቅና ልል የሚባለው ምን እንደሆነ ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። ሽማግሌው የታጠቁት ዓይነት ሽጉጥ ሦስት ዋና ዋና አካላት አሉት፤ በእጅ የሚያዘው የታችኛው አካል፣ በእርሱ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተው የላይኛው አካል፣ በመካከላቸውም አፈሙዙ። ሲተኮስ የላይኛው አካል አፈሙዙን ይዞ ጥቂት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዚያ አፈሙዙ ከበስተኋላው ዝቅ ብሎ ይላቀቅና ይቆማል፤ የላይኛው አካል ብቻውን ጉዞውን ቀጥሎ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ይጥላል። ሞላው መልሶ ሲገፋው ከካዝናው አዲስ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል፤ አፈሙዙም ወደ ቦታው ተመልሶ ይቆለፋል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ የሚፈጸም ነው። እነዚህ አካላት እንዲንቀሳቀሱ በመካከላቸው ክፍተት መኖሩ ግድ ነው። ክፍተቱ ሰፋ ሲል ሽጉጡ ይንኳኳል፤ ልል ይባላል። ክፍተቱ በሞረድ፣ በመዶሻና በትዕግሥት ሲጠብ ሽጉጡ ዝም ይላል፤ ጥብቅ ይባላል።

የዚህ ሽጉጥ ፈልሳፊ ጆን ሞዘስ ብራውኒንግ ይባላል፤ በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1926 በቤልጅግ አገር በሊዬዥ የሞተ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1911 የአሜሪካ ጦር የኮልትንና የሳቬጅን ኩባንያዎች ሽጉጦች ጎን ለጎን ፈተነ። ከእያንዳንዳቸው 6000 ጥይት ተተኮሰ፤ በየ100 ጥይቱ እንዲቀዘቅዙ፣ በየ1000ው ደግሞ ተጸድተው ዘይት እንዲቀቡ ይደረግ ነበር። የብራውኒንግ ሥራ የሆነው የኮልት ሽጉጥ አንድ ጊዜም ሳይነክስ ጨረሰ፤ ተፎካካሪው 37 ጊዜ ተሰናከለ። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ኮልቱ የጦሩ መደበኛ ሽጉጥ ሆኖ ጸደቀ፤ በአገልግሎትም እስከ 1985 ድረስ ቆየ። ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች 6000ውን ጥይት ያስታውሳሉ፤ በየ1000ው የተቀባውን ዘይት ግን ይረሱታል።

ሽጉጡ በልልነቱ ስመ ጥር የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። ኮልት ብቻውን ፍላጎቱን ሊያሟላ ስላልቻለ ሥራው ለሌሎች ተከፋፈለ። ኢታካ የአደን ጠመንጃ ሠሪ ነበር፤ ዩኒየን ስዊች ኤንድ ሲግናል የባቡር ሐዲድ ምልክት ሠሪ፤ ከሁሉ የበለጠውን ቁጥር ያመረተው ሬሚንግተን ራንድ ደግሞ የጽሕፈት መኪና ሠሪ ነበር። በየሰፈራችን በልብስ ስፌት መኪናው የምናውቀው ሲንጀር እንኳ 500 ሽጉጥ ሠርቶ አስረክቧል። የጦሩ ትእዛዝ ግን አንድ ነበር፤ የአንዱ ፋብሪካ የላይኛ አካል በሌላው የታችኛ አካል ላይ ያለ ሞረድ መግጠም አለበት። የስፌት መኪና ሠሪ የሠራው ብረት የባቡር ምልክት ሠሪ ከሠራው ጋር ጦር ሜዳ ላይ እንዲጋባ ከተፈለገ፣ በመካከል የተወሰነ ክፍተት መተው ግድ ይሆናል። እንግዲህ ልልነቱ ተፈልጎ የተጨመረ ጥበብ ወይም በቸልተኝነት የመጣ ጉድለት አልነበረም፤ አንድ የተሰበረ ሽጉጥ በሌላ የተሰበረ ሽጉጥ ክፍል እንዲድን ሲባል የተከፈለ ዋጋ ነበር።

ዋጋውም በኢላማ ላይ ይታያል። በአሜሪካ የሽጉጥ ውድድር በ50 ያርድ፣ ማለትም ወደ 46 ሜትር ግድም ርቀት ላይ፣ አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክበብ ስፋቱ ከስምንት ሳንቲ ሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ከመጋዘን የወጣ ተራ የጦር ሽጉጥ በዚያ ርቀት ጥይቶቹን በዚህ ክበብ ውስጥ ሰብስቦ ማኖር አይሆንለትም። ስለዚህ ተወዳዳሪዎች ሽጉጦቻቸውን ማጥበቅ ጀመሩ። ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር እዚህ ላይ አለ። ማነጣጠሪያው ያለው በላይኛው አካል ላይ ነው። ስለዚህ ለኢላማ ከሁሉ ይልቅ ወሳኙ፣ አፈሙዙ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ከላይኛው አካል ጋር ወደዚያችው ቦታ በትክክል መመለሱ ነው። የላይኛው አካል በታችኛው ላይ ትንሽ ቢንኳኳ ጉዳቱ የዚያን ያህል አይደለም። ሽማግሌው በእጃቸው ሲነቀንቁት የሚሰሙት ድምፅ በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ነው። መሐንዲሱ የሚኮራበት ዝምታም እንዲሁ።

የዚህ ክርክር ሁለት ወገኖች ታሪካዊ መኖሪያቸው ከዚያ ቡና ቤት እንደማይርቅ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ ወደ ደቡብ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ አሌክሳንድሪያን ያገኛል። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዚህች ከተማ፣ ሳሙኤል ከሚንግስ የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1953 የመሠረተው ኢንተርአርምኮ፣ በኋላም ኢንተርአርምስ የተባለው ኩባንያ፣ ጦር ሠራዊቶች የጣሉትን መሣሪያ ከዓለም ዙሪያ እየገዛ በወንዙ ዳር መጋዘኖች ይከምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ የጦር ትርፍራፊ መሣሪያን ወደ አሜሪካ ማስገባት እስኪገድብ ድረስ፣ ያ የወንዝ ዳር የልል መሣሪያ ዓለም ዋና ከተማ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከአሌክሳንድሪያ ወደ ታች ሲወርዱ፣ በዚያው ወንዝ ዳር፣ የባሕር ኃይል እግረኛ ሠራዊት የሠፈረባት ኳንቲኮ ትገኛለች። በዚያ ያሉ የጦር መሣሪያ ባለሙያዎች ለውድድር የሚሆኑ ጥብቅ ሽጉጦችን ሲሠሩ ኖረዋል። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ.፣ ለልዩ የቅኝት ክፍሎች ሽጉጥ ሲያስፈልግ ያደረጉት ነገር ለክርክራችን ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። መንግሥት እስከ 1945 ድረስ ብቻ ካስገዛቸው ከነዚያ የሚንኳኩ አሮጌ ሽጉጦች የታችኛውን አካል እየመረጡ፣ አዲስ የላይኛ አካልና አዲስ አፈሙዝ በእጅ እየሞረዱ ገጠሙላቸው። እነዚህ ጥብቅ ሽጉጦች በአሸዋም በባሕርም አገልግለዋል። ነገር ግን ከየግዳጁ በኋላ ወደ ሠሪዎቻቸው እየተመለሱ ይመረመሩና ይታደሱ ነበር። ጥብቁ ሽጉጥ አስተማማኝ የሆነው ከጀርባው የሚያውቀው እጅ፣ ንጹሕ ዘይትና የተመረጠ ጥይት ስለነበረው ነው። ልሉ ደግሞ አስተማማኝ የሆነው እነዚህ ሁሉ ባይኖሩትም ጥቂት ጊዜ ስለሚታገሥ ነው።

ይህን ይዘን ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስላሳዩት ደግነት በምስጋና የላከችላቸው ነበር። የነገሥታት ስጦታ ተወልውሎ በሣጥን የሚኖር መሣሪያ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ተጠብቆ ለአንዲት ሰዓት ይወጣል። የወታደሩ ነፍጥ ግን ዝናብና አቧራ እየጠጣ ከወታደሩ ጋር በሜዳ ያድራል።

የወታደሩ ነፍጥ ከየት ይመጣ እንደነበርም እናውቃለን። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ሲሸነፍ ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ በአፄ ዮሐንስ ሠራዊት እጅ ገባ። አሜሪካ ሠራሽ ጠመንጃ ነው፤ በጉራዕ ከግብፅ ጦር አዛዦች መካከልም ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፈው የደቡቡ ወገን ጄኔራል ዊልያም ሎሪንግ ነበር። የሬሚንግተን መቆለፊያ በዋነኛነት ሁለት የሚሽከረከሩ ወፋፍራም ብረቶች ናቸው። እረኛ ልጅም ፈታቶ ሊገጥመው ይችላል። በአድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተሰለፈው ነፍጥ መካከልም ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራና ከእንግሊዝ የመጣው ሰናድር ይገኙበታል። ስማቸው እንኳ በአፋችን ተሞርዶ የገባ ነው፤ ፉዚ ግራ ውጅግራ ሆነ፣ ስናይደርም ሰናድር።

ከነፍጡ በላይ ግን ጥይቱን ማሰብ ያሻል። በዚያ ዘመን ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጋር በገበያ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። አንድ የውጅግራ ጥይት ከመተኮሱ በፊት በስንት ኪስ፣ በስንት መቀነት፣ በስንት የበቅሎ ጭነት ውስጥ እንዳለፈ ማሰብ አያዳግትም። የተጨረመተ፣ የዛገ፣ አፈር የጠጣ ጥይት ነው። በሞረድ የጠበበ መሣሪያ እንዲህ ያለውን ጥይት አይጎርስም። ሰፋ ያለው ግን እያጉረመረመ ይጎርሰዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ እየገቡ ለሰብሳቢዎች ይሸጣሉ። ውጅግራም፣ የጣሊያንና የቤልጅግ ሥራም አለባቸው። የአንዱ ቁጥር በሌላው መቆለፊያ ላይ ይገኛል፤ የተሰነጠቀ ሰደፍ በጠፍር ታስሯል፤ የጠፋ ብሎን በሚስማር ተተክቷል። ሰብሳቢው ይህን እንደ ጉድለት ይመዘግበዋል። እኔ ግን በእነዚያ ጠፍሮች ላይ የማየው ስሙ ያልተጻፈለትን የቀጥቃጭ እጅ ነው። ያ እጅ በፋብሪካ ልክ አያጠብቅም፤ ክፍሎቹም አይላኩለትም። እርሱ ያለው ሞረድ፣ ከሰልና ዓይኑ ብቻ ነው። በገዛ ወገኑ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ይሰደብ ነበር፤ አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። መሣሪያ በአገራችን ያገለገለው ልል ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ያ የተናቀ እጅ ስላልተወው ነው። ለጥብቅ መሣሪያ የሚበቃ ባለሙያ ያልነበረንም ሕዝባችን እጀ ሰባራ ሆኖ አይደለም፤ እጁን ስለናቅንበት ነው።

ሽማግሌው የታጠቁት የአሜሪካ ሽጉጥ መጨረሻም ሌላ ትምህርት አለው። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ሠራዊታችን በአሜሪካ መሣሪያ ተደራጀ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ የአሜሪካን የጦር ተቋማት ዘጋ፤ በተከታዩ ዓመት የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ጎረፈ። ከዚያ በኋላ የመኮንኑ ሽጉጥ ማካሮቭ ሆነ። የቀድሞው ኮልት አልተበላሸም፤ የሚያጎርሰው ጥይት የሚመጣበት መንገድ ግን ተቆረጠ። 6000 ጊዜ ያልነከሰ ሽጉጥ ጥይት ሲያጣ መዶሻ እንኳ አይሆንም።

የማካሮቭ አሠራር ራሱ ለክርክሩ ሦስተኛ መልስ ይሰጣል። በማካሮቭ አፈሙዙ ከታችኛው አካል ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ አይንቀሳቀስም። መጥበቅ ያለበት ስለጠበቀ በሞረድ መድከም አያስፈልግም፤ የላይኛው አካል ደግሞ ዙሪያውን ሰፋ ብሎ እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ይህ የሚሆነው ጥይቱ ከኮልቱ የደከመ ስለሆነ ነው፤ በዚህ ዓለም ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም። ሠሪው ግን የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛው ነበር። «ጥብቅ ይሁን ወይስ ልል?» ብሎ አልጠየቀም። «የቱ ይጥበቅ፣ የቱስ ይላላ?» ብሎ ነው የጠየቀው። የኳንቲኮ ባለሙያዎችም በእጃቸው የመለሱት ይህንኑ ነው። አፈሙዙን አጥብቀው፣ ጥይቱ የሚገባበትንና ቀለሁ የሚወጣበትን መንገድ ግን ክፍት ያደርጉ ነበር። ሽጉጥ የሚነክሰው ብዙ ጊዜ የካዝናው ከንፈር ሲጣመም፣ ቀለህ የሚያወጣው ጥርስ ሲደክም ወይም ሞላው ከጥይቱ ኃይል ጋር ሳይስማማ ሲቀር ነው። ጥበቱ የሚከሰሰው ከሁሉ በፊት በዓይን ስለሚታይ፣ በእጅም ስለሚዳሰስ ይመስለኛል።

ወደ ሽማግሌው ጓደኛ እመለሳለሁ። የኮሪያን ጦርነት የሚመለከቱ የአሜሪካ ጦር ጥናቶች ስለዚያ አገር ብርድ ደጋግመው ያነሣሉ። የተቀባው ዘይት እየረጋ መሣሪያው እንደ ተለበጠ ብረት ይያዝ ነበር፤ በተለይ አጭሩ ጠመንጃ በዚህ ተወቅሷል። መድኃኒቱም ዘይቱን ጨርሶ መጥረግ ወይም እንደ ነገሩ ብቻ ማስነካት ነበር። ይህን ካነበብሁ በኋላ ወደዚያ ቡና ቤት ሄጄ ለሽማግሌው ነገርኋቸው። ጓደኛዎን የገደለው የመሣሪያው ጥበት ሳይሆን የዘይቱ መርጋት ሊሆን ይችላል አልኋቸው። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ከተራው በፊት አብረን ነው የወለወልነው» አሉ። «ከደጋ የመጣን ነን፤ ብረት ዘይት ሲጠግብ ደስ ይለናል። አብዝተን ነው የቀባነው።»

ያንን ባልናገር ይሻል ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በብረቱ ላይ ያሳረፉትን ጥፋት እኔ በአንድ ስኒ ቡና ወደ ገዛ እጃቸው መለስሁባቸው። እርሳቸው ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ መሐንዲሱን አስጠርተው፣ «ያንን ሽጉጥህን የሚያውቅ ሰው እስካለህ ድረስ ያዘው። ዘይት ግን አታብዛ» አሉት። ስለ ልልና ስለ ጥብቅ ከዚያ ወዲያ አልተከራከሩም።

እኛ ስደተኞች በየከተማው ማኅበር ስናቋቁም፣ ደንብ ስንጽፍ፣ ያለፈውን መንግሥት ስንወቅስ ወይም ስንናፍቅ የምንሟገተው በአብዛኛው በዚያ ቡና ቤት በሰማሁት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሁሉም ይጥበቅ ይላል፣ ሌላው ሁሉም ይላላ ይላል። በየመካከሉ የሚወድቅ ሰው ሲኖር ደግሞ ጥፋቱን በብረቱ ላይ አሳርፈን እንሄዳለን። ሽማግሌው በሕይወታቸው መጨረሻ ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነበር፤ የሞተውን ሰው ስም ጠርተው፣ ብረቱን ማን እንደወለወለውና ምን ያህል ዘይት እንደቀባው ተናገሩ። ታሪካችንን በሚመለከት ከአንድ ምስክር ከዚህ የበለጠ ሲገኝ አላየሁም።